የባሕር ውስጥ ሁካታ

የባሕር ውስጥ ሁካታ፦ ከመርከብ ሞተር፣ ከጦር መርከብ ሶናር (ድምፅ እየላከ በገደል ማሚቶው ዕቃ የሚያስስ መሣሪያ) እና ነዳጅ ለመፈለግ ከሚተኰስ የአየር መድፍ የሚወጣ፣ የአንበሪንና የዶልፊንን ኑሮ የሚያውክ ሰው ሠራሽ ድምፅ ነው።

ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል፣ ማለትም በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ ብርሃን ጠልቆ በማይደርስበት ቀላይ የሚመላለሱት እነዚህ ፍጥረታት ምግባቸውን የሚሹትና እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት ከዓይናቸው ይልቅ በጆሮአቸው ነው፤ ስለዚህም ሁካታው ሲበረታ ጥሪያቸው ይዋጣል፣ ከመኖሪያቸው ይሰደዳሉ፣ የመስማት ኃይላቸውም ይደክማል።

እጅግ የከፋው ጉዳት በምንቃራም አንበሪዎች ላይ የታየ ሲሆን፣ በመስከረም 2002 እ.ኤ.አ. በእስፓኝ ካናሪ ደሴቶች አጠገብ ሶናር የተሠራበት የባሕር ኃይል ልምምድ ሲካሄድ 14 አንበሪዎች ወደ ዳርቻ ወጥተው በተገኙ ጊዜ፣ ሊቃውንት የሞቱትን ሲመረምሩ በደም ሥሮቻቸውና በአካላቸው ውስጥ፣ ጠላቂ ሰው ከጥልቅ በድንገት ሲወጣ የሚያገኘውን ሕመም የሚመስል የጋዝ አረፋ ምልክት አገኙ።

ከዚህ በኋላ የእስፓኝ መንግሥት በ2004 እ.ኤ.አ. በደሴቶቹ ዙሪያ የባሕር ኃይል ሶናርን ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም በዚያ ስፍራ እንዲህ ያለ የጅምላ እልቂት አልታየም።