ዳግም ዳኝነት፦ የተዘጋ መዝገብ መቼ ይከፈታል?

የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የመጨረሻ ቃሉን ከሰጠ በኋላ «ቆይ፣ ያላየኸው ማስረጃ አለ» ማለት ይቻላል? ይቻላል፤ በሩ ግን በጣም ጠባብ ነው። ምን ያህል እንደሚጠብ የ14 ሰዎች መዝገብ ያሳየናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ1971 የብሪታንያ ጦር በሰሜን አየርላንድ ብዙ ሰዎችን ያለ ክስ አሰረ። 14ቱ ለተለየ ምርመራ ተወሰዱ። ራሳቸውን በከረጢት ሸፈኗቸው፤ ግድግዳ አስይዘው ለሰዓታት አቆሟቸው፤ በማያቋርጥ ጩኸት አደነቆሯቸው፤ እንቅልፍ፣ ምግብና ውሃ ነፈጓቸው።

የአየርላንድ መንግሥት ብሪታንያን ከሰሰ። በ1976 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ድርጊቱን «ቶርቸር» አለው። በ1978 ግን ስትራስቡርግ ያለው ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ኢሰብአዊና አዋራጅ ቢሆንም ቶርቸር ለመባል አይደርስም ሲል በ13 ለ4 ድምፅ ወሰነ።

«የአንድ ቃል ልዩነት ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ያመጣል እንጂ! በ2002 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጠበቆች የቶርቸርን ትርጉም ሲያጠቡ ይህንኑ ፍርድ ጠቅሰዋል።

በ2014 አንድ የአየርላንድ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ከብሪታንያ ቤተ መዛግብት የወጡ ሰነዶችን ይፋ አደረገ። አየርላንድም «ጉዳቱ ዘላቂና ከባድ መሆኑን እያወቁ ደብቀዋል» ብላ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ጠየቀች። የፍርድ ቤቱ ደንብ ግን መስፈርት አለው፦ አዲስ ፍሬ ነገር መገኘት አለበት፤ ቀድሞ ሊታወቅ የማይችል መሆን አለበት፤ ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል መሆን አለበት፤ አቤቱታውም በታወቀ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

በ2018 ጥያቄው በ6 ለ1 ወደቀ። ዳኞቹ፣ ሰነዶቹ አዲስ ነገር ማሳየታቸውን ተጠራጠሩ፤ ቢያሳዩም እንኳ የ1978ቱን ውሳኔ ይለውጡ እንደነበር አልታያቸውም። የዛሬን የቶርቸር መለኪያ ወደ ኋላ መልሶ መተግበርም አይቻልም አሉ። ፍርድ ቤቱ ራሱ እኮ በ1999 በሌላ መዝገብ፣ ትናንት «ኢሰብአዊ» የተባለ ድርጊት ነገ ቶርቸር ሊባል እንደሚችል ተናግሯል! ዳግም ዳኝነት ግን የሚጠይቀው አዲስ ፍሬ ነገር ነው፤ አዲስ አስተሳሰብ አይበቃውም።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ ሰፊ ቢሆን በዜጋ የተረታ መንግሥት ሁሉ ገንዘቡንና ጠበቃውን ይዞ በየዓመቱ ይመለስ ነበር። ችግሩ ማስረጃው በተከሳሹ መንግሥት ካዝና ሲቀመጥ ነው። ወረቀቱ በወጣ ጊዜ 40 ዓመት አልፏል፤ ከ14ቱም በሕይወት የሌሉ ነበሩ።

በ2021 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ በዛሬ መለኪያ ቶርቸር ይባል እንደነበር ገለጸ። በ2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ። የስትራስቡርጉ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው፤ የ1978ቱም ፍርድ እንደጸና አለ።