የተቈለፈ በርና የፍርድ ቤት ሚዛን

በእሳት አደጋ ብዙ ሕዝብ ያለቀባቸውን ታሪኮች ስንመረምር የተቈለፈ ወይም የተዘጋ መውጫ ደጋግመን እናገኛለን። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፣ ለመውጫው መዘጋት የተጠየቁ ሰዎች በፍርድ ቤት ምን እንደ ተወሰነባቸውና ውሳኔው ስለ ምን እንደ ተለያየ ማሳየት ነው። ጉዳዩ ለሀገራችንም ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ከደረሰላት ወዲህ የመጋዘንና የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ከዋሂል ወይም ከሌላ የገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ለሥራ ወደ ከተማው የሚገባ ሰው በማያውቀው ቤት ውስጥ የሚውለው በሩን አምኖ ነው። ለምሳሌ ግን ሁለት የአሜሪካ ፍርዶችን እንመለከታለን፤ ዓመቶቻቸውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል በተባለው የሸሚዝ ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ የሚበዙትም ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዘጠነኛው ፎቅ ከነበሩት የደረጃ በሮች አንዱ አልከፈት ብሎ ነበር። የሥራ ሕጉ በሥራ ሰዓት በር መቈለፍን ይከለክል ስለ ነበረ፣ ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ በሰው መግደል ተከሰሱ። ነገር ግን ዳኛው ቶማስ ክሬን፣ በሩ በዚያች ሰዓት መቈለፉን ተከሳሾቹ ማወቃቸው ካልተረጋገጠ ጥፋተኞች ሊባሉ እንደማይችሉ ለጁሪው አስረዱ። ጁሪውም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በነጻ ለቀቃቸው። በ1914 በፍትሐ ብሔር በተደረገው ስምምነት ለአንድ ሟች የተከፈለው ካሣ 75 ዶላር ያህል ነበር። ይልቁንም የሚያስገርመው ብላንክ በ1913 እንደ ገና የፋብሪካ በር ቈልፎ በተገኘ ጊዜ 20 ዶላር ብቻ መቀጣቱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኖቬምበር 28 ቀን 1942 በቦስተን ኮኮናት ግሮቭ በተባለ የምሽት መዝናኛ ቤት 492 ሰዎች የሞቱበት ነው። የዋናው መግቢያ ተሽከርካሪ በር በሕዝቡ ግፊያ አልዞር አለ፤ ከሌሎቹም መውጫዎች የተቈለፉ ነበሩ። የቤቱ ጌታ ባርኔት ዌላንስኪ በዚያ ሌሊት ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበርና በኒው ዮርኩ ሚዛን ቢመዘን ነጻ በወጣ ነበር። ሆኖም በ1943 ከ12 እስከ 15 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ1944ም የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። ምክንያቱም፣ ሕዝብን ለንግዱ ወደ ቤቱ የጠራ ሰው ለደኅንነታቸው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት፤ ይህንንም ግዴታ የሰውን ሕይወት ከምንም ባለመቍጠር ቢተወው እንደ ሠራው ይቈጠርበታል የሚል ነበር። ዌላንስኪ ግን ፍርዱን ሳይጨርስ በ1946 በምሕረት ተፈታ።

የሀገራችን ሕግ ወደ የትኛው ያደላል? በ1949 ዓ.ም. የታወጀው፣ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሆነ ብሎ ማድረግን ከቸልተኝነት ለይቶ ነበር። እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 59 መሠረት፣ የሚደርሰውን ጉዳት ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ያላወቀ ሰው ቸልተኛ ነው ይላል። በአንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 3 ደግሞ በቸልተኝነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ለሞት ያበቃ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ብቻውን ተከሳሹን አያድነውም፤ ሕጋችን ለቦስተኑ አስተሳሰብ ይቀርባል።

ከዚህ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው፤ የፍርዱ ውጤት የተለያየው የሟቾች ቍጥር ስለ በለጠ ወይም ስላነሰ ሳይሆን፣ ፍርድ ቤቱ «ያውቅ ነበርን?» ብሎ በመጠየቁ ወይም «ማወቅ አይገባውም ነበርን?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ይሁን እንጂ የሚሻለው ጥያቄ እንኳ የሚነሣው ሬሳ ከተቈጠረ በኋላ ነው። በቦስተን ከአደጋው 8 ቀን በፊት የእሳት አደጋ መኰንን ቤቱን መርምሮ ደኅና ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኒው ዮርክም ሁለተኛ ጊዜ ለተቈለፈው በር የተከፈለው 20 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ የጽኑ እስራቱ አንቀጽ ከባድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ሳይሞት በፊት በሩን በእጁ ገፍቶ የሚሞክር መርማሪና ቈላፊውን በእውነት የሚጐዳ መቀጮ ያስፈልጋሉ።