መብራት መሄዱ ዋስትና አይደለም፦ በቤይሩት ቤቶች ግድግዳን ለኤሌክትሪክ መስመር መቁረጥ

በአማርኛ «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» እንላለን። የቤይሩት ነዋሪም ኃይል ሲመለስ «ኢጂት ል-ካህራባ» ይላል፤ ትርጉሙ ከእኛው አነጋገር ጋር አንድ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ይህ ቃል የሚነገረው በደስታ ነው። ማሽን ይዞ ግድግዳ ለሚቆርጥ ሠራተኛ ግን መብራት የሚመጣባት ቅጽበት ከቀኑ ሁሉ የከፋችው ልትሆን ትችላለች።

በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ፣ በነብዓ፣ በሳብራና በሌሎች የቤይሩት ከተማና ዳርቻ ሰፈሮች በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከወንዶቹ መካከል በቤት እድሳት በቀን ሠራተኝነት የሚተዳደሩ አሉ። ከሁሉም የሚበዙት ሴቶች ደግሞ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩበት ቤት ሲታደስ በሥራው መካከል ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ለኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ የመቁረጥን ሥራ አካሄድ፣ አደጋውንና ጥንቃቄውን ለሁለቱም ወገኖች ያብራራል።

ሥራው ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ሽቦ በልስን ውስጥ ተቀብሮ እንዲያልፍ በግድግዳው ላይ ጠባብ ቦይ ይቆረጣል። በቦዩ ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ይቀመጣል፤ ቱቦው በልስን ከተሸፈነ በኋላ ሽቦው ይሳብበታል። በአገራችን የግንባታ ሠራተኞች ይህን ሥራ «ቺዝሊንግ» ይሉታል። ቀድሞ በመሮና በመዶሻ ብቻ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግራይንደር ሁለት ትይዩ መስመሮች ይቆረጡና በመካከላቸው የቀረው አካል በመሮ ወይም በመምቻ ድሪል ይፈነቀላል። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን የሚይዝና ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ልዩ ማሽንም አለ።

በቤይሩት ይህ ሥራ በተደጋጋሚ የሚያስፈልገው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ በጀማይዜ፣ በማር ሚካኤልና በአካባቢው በርካታ ቤቶችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው በደቡባዊ የከተማዋ ዳርቻ ላይ የተካሄደው የአየር ድብደባም ሰፊ የጥገና ሥራ ትቶ አልፏል። ከዚህም በላይ ብዙ ቤተሰብ ከመንግሥት ኃይል ሌላ የጄኔሬተር፣ የባትሪና የፀሐይ ኃይል መስመር ወደ ቤቱ አስገብቷል። እያንዳንዱ አዲስ መስመር በግድግዳው ላይ አዲስ ቦይ ይፈልጋል።

አንድ ቤት፣ ብዙ የኃይል ምንጭ

እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የሊባኖስ ኤሌክትሪክ ድርጅት ኃይል ለረጅም ዓመታት በፈረቃ ሲያከፋፍል ቆይቷል። ከኢኮኖሚ ቀውሱ በፊት በቤይሩት መሐል ከተማ መቋረጡ በቀን ለ3 ሰዓት ያህል ነበር፤ በዳርቻዎቹ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ከቀውሱ በኋላ ጉዳዩ ተባብሶ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2021 እና ኦገስት 17 ቀን 2024 የመንግሥት ኃይል በመላ አገሪቱ እስከ መቋረጥ ደርሷል። ክፍተቱን የሚሞላው «ኢሽቲራክ» የሚባለው የሰፈር ጄኔሬተር ደንበኝነት ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ ደግሞ በባትሪና በፀሐይ ኃይል ይጠቀማል።

ስለዚህ በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ ከሁለት፣ ከሦስት ምንጭ የመጣ ኃይል ሊያልፍ ይችላል። የመንግሥት ኃይል ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይተካል፤ ጄኔሬተሩ ሲቆም ባትሪው ይቀጥላል። መስመሩን ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ የሚያዛውር መሣሪያ ባለበት ቤት ለውጡ ያለ ማስጠንቀቂያ በሰከንዶች ውስጥ ይፈጸማል። «አሁን መብራት የለም፤ ቶሎ ቁረጥ» የሚለው ትእዛዝ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የተቋረጠ ኃይል ተመልሶ የሚመጣ ኃይል ነው። ከአደጋ የሚጠብቀው ሠራተኛው ራሱ አውቆ ያጠፋው፣ እንዳይመለስም የጠበቀው ኃይል ብቻ ነው።

ከመቁረጥ በፊት የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊፈጸም ይገባል፦

1. ወደ ቤቱ የሚገቡትን ምንጮች ሁሉ መጠየቅና መቁጠር፦ የመንግሥት፣ የጄኔሬተር፣ የባትሪ፣ የፀሐይ።
2. ቦዩ የሚያልፍበትን ክፍል የሚመግቡትን ብሬከሮች ከሁሉም ምንጮች በኩል ማጥፋት።
3. ማንም እንዳያነሳቸው በቴፕ ማሸግና «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ፣ የሚቻል ከሆነ በዓረብኛም ጭምር፣ መለጠፍ።
4. ቴስተሩን በመጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ መሞከር፣ ቀጥሎ በሚቆረጠው ግድግዳ ላይ ያሉትን ሶኬቶችና ማብሪያዎች መፈተሽ፣ በመጨረሻም ቴስተሩ አለመበላሸቱን ለማረጋገጥ ወደ መጀመሪያው ሶኬት መመለስ።
5. የጎረቤት መስመር በዚያው ግድግዳ አለማለፉን መጠየቅ። ጥርጣሬ ካለ የሕንጻው ጠባቂ «ናቱር» ወይም መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ሳይጠየቅ ሥራው አይጀመርም።

የተቀበረ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬት ወይም ከማብሪያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። በመሆኑም ከእነዚህ ነጥቦች ትይዩ የሆነው መንገድ ሁሉ ሽቦ እንዳለበት ተቆጥሮ መፈተሽ አለበት። በቆዩ ቤቶችና በየጊዜው በተቀጣጠሉ መስመሮች ዘንድ ግን ይህ ልማድ ላይጠበቅ ይችላል።

የ5 አምፔሩ ወጥመድ

ብዙ ቤተሰብ ከጄኔሬተር የሚገዛው 5 ወይም 10 አምፔር ነው። በ220 ቮልት 5 አምፔር ማለት 1,100 ዋት ነው። መካከለኛ ግራይንደር ብቻውን ከ800 እስከ 1,200 ዋት ይወስዳል። ማቀዝቀዣው በተከፈተበት ቤት ግራይንደር ሲነሣ፣ በአካባቢው «ዲጆንክተር» የሚባለው ብሬከር ይወድቃል፤ ማሽኑም በግድግዳው መሐል ይቆማል።

አደጋው የሚወለደው ከዚህ በኋላ ነው። የማሽኑ ማብሪያ በተቆለፈበት እንዳለ ሠራተኛው መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ወይም የደነዘዘ ዲስክ ሊቀይር እጁን ያስገባል። በዚያው ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ «ዲጆንክተሩን አንሺ» ተብላ ትታዘዛለች። ኃይሉ ሲመለስ ዲስኩ ባዶ እጅ አጠገብ በሙሉ ፍጥነት ይነሣል። ከመቋረጥ በኋላ በራሳቸው እንዳይነሡ ተደርገው የተሠሩ ማሽኖች አሉ፤ ርካሾቹና የቆዩት ግን ብዙውን ጊዜ ይህ መከላከያ የላቸውም።

ስለሆነም ሁለት ቋሚ ልማዶች ያስፈልጋሉ። ሠራተኛው ኃይል በተቋረጠ ቁጥር በመጀመሪያ የማሽኑን ማብሪያ ያጥፋ፣ ሶኬቱንም ይንቀል። ብሬከር የሚያነሣው ሰው ደግሞ ሠራተኛውን በዓይኑ ሳያይና «አንሺ» ወይም «አንሣ» የሚለውን ቃል ከራሱ ከሠራተኛው አፍ ሳይሰማ እጁን አይዘርጋ።

ግድግዳው ምን ያህል ይቆረጣል?

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤይሩት ሕንጻዎች ክብደታቸውን የሚሸከሙት በኮንክሪት ኮለንና ቢም ነው፤ በመካከል ያለው ግድግዳ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ነው። በጀማይዜ፣ በማር ሚካኤልና በዙቃቅ አል-ብላጥ የሚገኙ የቆዩ ቤቶች ግን ብዙዎቹ የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ አላቸው፤ በእነርሱ ቤቱን የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። ሁለቱን መለየት የሥራው መጀመሪያ ነው።

በኮለንና በቢም ላይ ቦይ አይቆረጥም። ዲስኩ ፌሮ ከነካ ሥራው ወዲያው መቆም አለበት፤ ፌሮ መቁረጥ የሕንጻውን ጅማት መቁረጥ ነው። በግድግዳ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ የሕንጻ ደንብ መመሪያ ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል፦ ቁልቁል የሚሄድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት አንድ ሦስተኛ፣ አግድም የሚሄድ ቦይ ከአንድ ስድስተኛ መብለጥ የለበትም። በዚህ ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎኬት ቁልቁል ቦይ እስከ 3.3 ሴንቲ ሜትር፣ አግድም ቦይ እስከ 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይፈቀዳል። 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ በመጀመሪያው ከነልስኑ ይገባል፤ በሁለተኛው ግን አይገባም። የባዶ ሆድ ብሎኬት ፊት ስስ በመሆኑ ረጅም አግድም ቦይ ግድግዳውን ወገቡ ላይ ያዳክመዋል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፦ መስመሩ በጣሪያ ወይም በወለል በኩል ይሂድ፤ ወደ ሶኬቱም ቁልቁል ይውረድ ወይም ይውጣ። በአንድ ቀጭን ግድግዳ በሁለቱም ፊት ፊት ለፊት የተያዩ ቦዮች አይቆረጡም። በፍንዳታ ወይም በድብደባ የተሰነጠቀ ግድግዳና የአሸዋ ድንጋይ ቤት መሐንዲስ ሳያያቸው ማሽን አይነካቸውም።

ማሽኑና ዲስኩ

125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጥልቅ ለመቁረጥ ሲባል መከለያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ የመግጠም ልማድ ለሞት የሚዳርግ ነው። 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ በዚህ ማሽን ላይ ቢገጠም የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ ከ100 ሜትር ያልፋል፤ የተለመዱት ዲስኮች የሚችሉት ግን በሰከንድ 80 ሜትር ነው። ዲስኩ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚያስቆመው መከለያም የለም። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም።

ለብሎኬትና ለኮንክሪት የሚስማማው የአልማዝ ዲስክ ነው። ማሽኑ በሁለት እጅ፣ የጎን እጀታው ተገጥሞ ይያዛል። ዲስኩ በቦዩ ውስጥ ከተጣመመ ማሽኑ በኃይል ወደ ኋላ ይመታል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከዲስኩ ትይዩ አይቆምም። ጥልቀቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመደጋገም ይገኛል። ከመሰላል ላይ ሆኖ በግራይንደር መቁረጥ አይገባም፤ ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል። ማሽኑን የሚመግበው መስመር ከሚቆረጠው ግድግዳ የተለየ መሆንና በ30 ሚሊ አምፔር የኃይል መፍሰስ በሚያቋርጥ መከላከያ ማለፍ አለበት። የሚጠቀለል የማራዘሚያ ገመድ እንዳይግል ሙሉ በሙሉ ይፈታ።

የማይታየው አቧራ

አሸዋ፣ ሲሚንቶና ድንጋይ ሲቆረጡ ሲሊካ የተባለ እጅግ ደቃቅ አቧራ ይወጣል። ለዓይን የሚታየው አቧራ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ ሳንባን የሚጎዳው ግን ሳይታይ በአየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል። በሳንባ ውስጥ የሚያስከትለው ሲሊኮሲስ የተባለ በሽታ ፈውስ የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አቧራ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት በ8 ሰዓት ሥራ አማካይ የሚፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህ ለዓይን የማይሞላ መጠን ነው።

ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ አቧራውን ከመነሻው የሚስብ ማሽን ከመቁረጫው ጋር ማያያዝ ነው። ይህ ከሌለ የክፍሉ በር በፕላስቲክ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፤ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉም ኤፍኤፍፒ3 ወይም ቢያንስ ኤፍኤፍፒ2 የሚል ምልክት ያለው ማስክ ያድርግ። የጨርቅ ማስክና ሻሽ አይከላከሉም። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያም አይቀሬ ናቸው።

ለቤት ሠራተኞች

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ይህ እውነት የጥንቃቄውን ሸክም በራሷ በሠራተኛዋ ላይ ያከብደዋል። ከቁርጥ በኋላ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ያረፈውን አቧራ መልሶ ወደ ሳንባ መላክ ነው። አቧራው እስኪያርፍ መጠበቅ፣ ኃይሉ መጥፋቱን ካረጋገጡ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት፣ ማስክም ከአሠሪ መጠየቅ ይገባል። በተከፈተ ሶኬትና በተንጠለጠለ ሽቦ አጠገብ ግን እርጥብ ጨርቅ አይቅረብ። ማሽን መያዝ፣ ዲስክ መቀየርና ሽቦ መንካት የቤት ሠራተኛ ሥራ አይደለም። «ታፊ ል-ካህራባ» ማለት «ኤሌክትሪኩን አጥፋ» ማለት ነው፤ ይህን ሐረግ ማወቅ ይጠቅማል።

አደጋ ቢደርስ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ሰው ማጣት ነው። በመጀመሪያ የሁሉም ምንጮች ብሬከር ይጥፋ። ይህ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ሽቦውን ከሰውዬው ማራቅ ይሞከር። ከዚያ በኋላ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140፣ የሲቪል መከላከያ በ125 ይጠራ። ተጎጂው የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እስኪደርስ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። በዲስክ የተቆረጠ አካል በንጹሕ ጨርቅ በርትቶ ተጭኖ ይያዝ።

ግድግዳ ቆርጦ ሽቦ መቅበር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብሬከሮቹን ቆጥሮ ማጥፋት፣ ማሸግና በቴስተር ማረጋገጥ ደግሞ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። መብራት በሚመላለስባት ከተማ ይህችን ሩብ ሰዓት ለማትረፍ ተብሎ የሚጀመር ሥራ መጀመር የለበትም።