ከመዝጊያ እስከ ቦኮላ፦ የዘመመ የመኪና በርና የስያሜ ታሪክ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ አይደለም። በመካነ ሰላም የአንድ መኪና በር ዘመመና አልዘጋም ቢል፣ መለዋወጫውን ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት የተለመደ ነው። ከቦረና ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ የሚደርሰውን ደጋማ መንገድ አስቀድሞ የሚጓዘው ዕቃው ሳይሆን ስሙ ነው። ስሙ ከተሳሳተ የማይሆን ዕቃ ይመጣል፤ ባለንብረቱም ገንዘቡንና ቀኑን ይከስራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህ ትንሽ ጥገና ቃላት ከየት እንደ መጡና ለተርጓሚ ምን እንደሚያስተምሩ ነው።

ከቤቱ እንጀምር። «በር» በጥንተ ትርጉሙ ክፍተቱ፣ ማለፊያው ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጣርማ በር ስም እንደሚያስረዳን የተራራ መሻገሪያም በር ይባላል። ክፍተቱን የሚሞላው ሳንቃ ግን «መዝጊያ» ነው። በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኘው ከባድ መዝጊያ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ከራሱ ከእንጨቱ ተጠርበው በወጡ ሁለት ጉጦች ነው፤ አንደኛው በጉበኑ፣ ሁለተኛው በመድረኩ ላይ በተፈለፈለ ጎድጓዳ ስፍራ ይገባል። እዚህ ላይ ተለይቶ የሚለወጥ ክፍል ስለሌለ የራሱን ስም የሚሻ ትንሽ ዕቃም አልነበረም። ከብረት ለሚሠራው ደግሞ «ዐጠፈ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ማጠፊያ» አገልግሏል። ቃሉ እንደ «መዝጊያ»ና እንደ «መክፈቻ» በመሣሪያ ስም አወጣጥ የተገኘ ሲሆን የዕቃውን ተግባር በጠቅላላው ይናገራል እንጂ ክፍሎቹን አይለይም።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የጋራዡ ቃላት ግን በብዛት የጣሊያንኛ ናቸው፤ በኤርትራ በኩል፣ ይልቁንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን፣ መንገዱ ሲጠረግና የጣርማ በር ዋሻ ሲቦረቦር ከዕቃው ጋር አብረው ገቡ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴና ላሜራ ከእነዚሁ ናቸው። «ፔርኖ»ና «ቦኮላ»ም እንዲሁ፤ ፔርኖ ማጠፊያው የሚዞርበት ዘንግ፣ ቦኮላ ዘንጉን የሚያቅፈው ቀለበት መሰል ዕቃ ነው።

አሁን ጥገናውን እንመልከት። የበሩ ክብደት የላይኛውን ማጠፊያ ወደ ውጭ ይስባል፣ የታችኛውን ወደ ውስጥ ይገፋል። በኮረኮንች መንገድ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብረቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በዚህን ጊዜ ባለሙያው «ቦኮላው ተበልቷል» ይላል። «ዘመመ» የሚታየውን ውጤት፣ «ተበላ» የተሰወረውን ምክንያት ይገልጻሉ። ሁለቱን ለማገናኘት በሩ በከፊል ተከፍቶ ጫፉ ወደ ላይ ይነሣል። ዘንጉ በቦኮላው ውስጥ ከተነቃነቀ የተበላው እርሱ ነው፤ ማጠፊያው በሙሉ ከአካሉ ጋር ከተነቃነቀ ግን ቡሎኑ ላልቷል ወይም ላሜራው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ የባቲላሜራ ሥራ ነው። ዘንጉ በሚወጣ ማጠፊያ ላይ በሩ በክሪክና በእንጨት ይደገፋል፤ ማጠፊያዎቹ ተራ በተራ ይፈታሉ፤ አሮጌው ፔርኖና ቦኮላ ወጥተው አዲሶቹ ይገባሉ። የመቆለፊያው መያዣ የሚስተካከለው ከሁሉ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ቢነካ ሕመሙ ይሸፈናል እንጂ አይድንም።

ከዚህ የምንረዳው አማርኛው ለሙሉው ዕቃ የራሱን ቃል እንደ ጠበቀ፣ ተለዋዋጭ ለሆኑት ክፍሎች ግን ከዕቃው ጋር የመጣውን ስም እንደ ተቀበለ ነው። ይህ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የሥራው ታሪክ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እንደሚያሳየው ለጽንሰ ሐሳቦች አማርኛ አቻ መሻት ተገቢ ነው። ሆኖም የጥገና መመሪያ የሚተረጉም ሰው «ባዕድ ናቸው» ብሎ ፔርኖንም ቦኮላንም «ማጠፊያ» ቢላቸው ሦስት ዕቃዎችን አንድ ያደርጋል፤ በርካሽ ቦኮላ የሚድነው በር ሙሉ ማጠፊያ ያስገዛል። ስለዚህ «ማጠፊያ» ለሙሉው፣ «ፔርኖ»ና «ቦኮላ» ለክፍሎቹ ይጽኑ እንላለን። አዲስ ስያሜ የሚቀርብ ከሆነም አስቀድሞ በጋራዡና በመለዋወጫ መደብሩ ይፈተን፤ ከመካነ ሰላም የታዘዘው ስም ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ከተመለሰ ስያሜው ሠርቷል ማለት ነው።