ያልቆሸሸውን ማጠብ፦ በአሜሪካ የውስጥ እጥበት ልማድ ታሪክ

በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ ከተስፋፉት የንጽሕና ልማዶች አንዱ፣ ውኃን ወይም መድኃኒት የተቀላቀለበትን ፈሳሽ በመርጫ ወደ ብልት ውስጥ እየገፉ ማጠብ ነበር። ብልት ሲባል እዚህ ከውጭ የሚታየው ሳይሆን እስከ ማህፀን በር የሚደርሰው ውስጣዊ መተላለፊያ ነው። በዚህ ጽሑፍ «የውስጥ እጥበት» የሚባለው ይህ ልማድ ገላን ከውጭ ከመታጠብ ፈጽሞ የተለየ ሲሆን፣ ታሪኩም ከሕክምና ይልቅ ከሕግ፣ ከንግድና ከሀፍረት ጋር ይበልጥ የተቆራኘ ነው።

የልማዱ መስፋፋት መነሻ ንጽሕና አልነበረም። የማሳቹሴትስ ሐኪም ቻርልስ ኖልተን በ1832 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «የፍልስፍና ፍሬዎች» በሚል ርእስ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ ልጅ መውለድ የማይሹ ባልና ሚስት ካሉ ሴቲቱ ከግንኙነት በኋላ ሳትዘገይ ዚንክ ሰልፌትንና የመሳሰሉትን ጨዎች በውኃ አሟሙታ በመርጫ እንድትታጠብ መከረ። መጽሐፉ ጸያፍ ነው ተብሎ ደራሲው ከከባድ ሥራ ጋር የ3 ወር እስራት ተፈረደበት። በ1877 ደግሞ ቻርልስ ብራድሎና አኒ ቤዛንት ይህንኑ መጽሐፍ በለንደን እንደገና በማሳተማቸው ለፍርድ ቀረቡ፤ የችሎቱ ወሬ ግን መጽሐፉን ከማጥፋት ይልቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 ቅጂ በላይ እንዲሸጥ አደረገ። ምክሩ እርግዝናን በመከላከል ረገድ ደካማ ቢሆንም፣ ሴቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ በራሳቸው እጅ ሊፈጽሙት የሚችሉት ጥቂት መላ ብቻ በነበረበት ዘመን ተቀባይነት ማግኘቱ ሊያስገርም አይገባም።

ልማዱን የንጽሕና ስም ያለበሰው ሕጉ ነው። በ1873 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣውና በአቀንቃኙ በአንተኒ ኮምስቶክ ስም የሚጠራው ሕግ፣ እርግዝና መከላከያን ወይም ስለ እርሱ የሚያስረዳ ጽሑፍን በፖስታ መላክን ወንጀል ስላደረገው፣ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በእውነተኛ ስሙ ጠርተው ማስተዋወቅ አልቻሉም፤ ስለዚህ «የሴቶች ንጽሕና» የሚል ሽፋን ያዙ። ገዢዋም ሻጩም የሚግባቡበት ይህ አነጋገር በጊዜው እርግዝናን መከላከል ማለት ነበር፤ ነገር ግን ስም በተደጋገመ ቁጥር ትርጉም እየሆነ ይሄዳልና፣ ከትውልድ በኋላ የሴት ልጅ ውስጥ በተፈጥሮው ቆሻሻ እንደሆነና በመድኃኒት ካልጸዳ እንደማይጠራ የሚያምኑ ሚሊዮኖች ተፈጠሩ።

የሚያሳዝነው፣ የዚህን እምነት ስህተት የሚያሳየው ማስረጃ ማስታወቂያዎቹ ከመብዛታቸው በፊት የታወቀ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ አዋላጅ ሐኪሞችን ያስጨንቃቸው የነበረው፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶችን የሚፈጀው የአራስነት ትኩሳት ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 በቪየና በሽታውን ከአስከሬን ክፍል ወደ ማዋለጃ የሚያመላልሰው የሐኪሞች እጅ መሆኑን ካሳየ ወዲህ፣ የቀረው ጥያቄ የበሽታው ጀርም ከውጭ ብቻ ይመጣል ወይስ ከሴቲቱም አካል ውስጥ አድብቶ ይኖራል የሚል ነበር። ጀርመናዊው የማህፀንና ፅንስ ሐኪም አልበርት ዶደርላይን የነፍሰ ጡሮችን የብልት ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ መርምሮ በ1892 በላይፕሲግ ባሳተመው ጥናት፣ በጤነኞቹ ዘንድ በትር የሚመስል አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በብዛት እንደሚገኝ፣ ይህም ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ እንደሚያመነጭና መግል የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ በዚያ አሲድ ውስጥ መኖር እንደማይችል አመለከተ። ዛሬ ላክቶባሲለስ ከሚባሉት የሚመደበው ይህ ባክቴሪያ፣ ወተትን አኮምጥጠው እርጎ ከሚያደርጉት ተሕዋስያን ጋር የአንድ ወገን ነው፤ ሥራውም ተመሳሳይ ነው፤ የብልት ግድግዳ ሴሎች የሚያከማቹት ግላይኮጅን የሚባለው ስኳር ሲፈራርስ የሚገኘውን እየተመገበ አካባቢውን ያኮመጥጣል፤ ኮምጣጣነቱም ባዕድ ጀርም እንዳይሰፍር ያግዳል። ሌላው ጀርመናዊ ሐኪም በርንሃርት ክሮኒግም ጥቂት ዘግየት ብሎ፣ ወደ ነፍሰ ጡሮች ብልት የገቡ ጀርሞች በራሳቸው ጊዜ እንደሚጠፉ፣ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማጠብ ግን ይህን ራስን የማጥራት ሂደት ከማፋጠን ይልቅ እንደሚያዘገየው ገለጸ።

ይህ እውቀት በሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ ሲቀር፣ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሌላ ነገር ነበር። በ1889 በጀርመን የተሠራውና ክሬሶል የሚባል፣ ሥጋን የሚያቃጥል ኬሚካል በሳሙና ተበጥብጦ የሚገኝበት ላይሶል፣ ወለልንና የሕክምና መሣሪያን ለማጽዳት የታሰበ ቢሆንም፣ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በአሜሪካ መጽሔቶች ለውስጥ እጥበት ይተዋወቅ ነበር። የማስታወቂያዎቹ ሥዕሎች በአብዛኛው አንድ ታሪክ የሚደጋግሙ ናቸው፤ ባል ፊቱን ያዞራል፣ ሚስት ለብቻዋ ታለቅሳለች፣ ጥፋቱም ራሷን አለመጠበቋ እንደሆነ ይነገራታል። በአውሮፓ ታዋቂ ሴት ሐኪሞች ስም የወጡ ምስክርነቶችም ነበሩ፤ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሲያጣራ ግን እነዚያ ሐኪሞች ሊገኙ አልቻሉም። በአንጻሩ እስከ 1911 ድረስ ብቻ 193 የላይሶል መመረዞችና ከማህፀን እጥበት የመጡ 5 ሞቶች በሐኪሞች ተመዝግበው ነበር። በእርግዝና መከላከያነቱም ቢሆን አልረዳም፤ በ1933 በኒውዋርክ ከተማ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ በተደረገ ጥናት፣ በዚህ መንገድ ከተጠቀሙት 507 ሴቶች 250 የሚሆኑት አርግዘዋል። ድህነት ባየለበት በዚያ ዘመን የተሻለ አማራጭ የሌላትን ሴት በፍርሃት እያስገደዱ ሥጋዋን የሚያቃጥል ነገር መሸጥ፣ በማንኛውም የንግድ ሕግ ሚዛን ይቅር የሚባል አይደለም።

በ1950ዎቹ ክሬሶሉ ከምርቱ ወጣ፤ በ1960 የእርግዝና መከላከያ ክኒን ሲፈቀድ ደግሞ የልማዱ የመጀመሪያ ምክንያት ጠፋ፤ ሆኖም ሀፍረቱ ስለቀረ ልማዱም አልጠፋም። በ1988 ከ15 እስከ 44 ዓመት ካሉት አሜሪካውያን ሴቶች 37 በመቶ የሚሆኑት ውስጣቸውን በመደበኛነት ይታጠቡ ነበር፤ በ1995 ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዘንድ ግን ከግማሽ በላይ ነበር። ይህ ልዩነት ከባርነት ዘመን ጀምሮ ጥቁር ሴት ላይ የተለጠፈው የርኩሰት ስም ያስከተለው ዕዳ መሆኑን ያስረዱ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሐሳቡም ሚዛን ይደፋል።

በዚሁ ጊዜ ሕክምናው የዶደርላይንን ፈለግ ቀጥሎ ነበር። በ1955 ኸርማን ጋርድነርና ቻርልስ ዱክስ በሂዩስተን፣ ቀድሞ መንስኤው ያልታወቀ ይባል የነበረውን የፈሳሽና የሽታ ሕመም ከአንድ ባክቴሪያ ጋር አያያዙት፤ ባክቴሪያውም በኋላ ጋርድነሬላ ተብሎ ተሰየመ። ነገር ግን ንጹሕ ባክቴሪያው ከገባባቸው 13 ሴቶች የታመመችው 1 ብቻ ስትሆን፣ የሕሙማን ፈሳሽ ከገባባቸው 15 ሴቶች 11ዱ ታመሙ፤ ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደው ይህ ሙከራ፣ ሕመሙ የአንድ ጀርም ወረራ ሳይሆን የመላው ማኅበረ ተሕዋስያን መዛባት መሆኑን ሳያስበው ጠቆመ። በ1980ዎቹ «ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ» የሚል ስም የወጣለት ይህ ሁኔታ ላክቶባሲለስ ሲመናመን፣ አሲዱ ሲቀንስና ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲበዙ የሚከሰት ነው። በ1995 የታተመ ከ10,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት፣ ይህ መዛባት ያለባቸው ሴቶች ያለጊዜው የተወለደና ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው በ40 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳየ። በ1997 ደግሞ ቀደምት ጥናቶችን የደመረ ምርመራ፣ አዘውትሮ ውስጥን መታጠብ የማህፀንና የቱቦዎቹ ኢንፌክሽን ዕድል በ73 በመቶ፣ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ዕድል በ76 በመቶ ጭማሪ እንደሚታይበት አመለከተ። በእርግጥ አንዳንዷ ሴት የምትታጠበው ቀድሞ ስለታመመች ሊሆን ስለሚችል መንስኤና ውጤቱን መለየት ይከብዳል፤ ጥቅሙን የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩ ግን አያከራክርም።

በ2011 የታተመ፣ የ396 ጤነኛ ሴቶችን ተሕዋስያን በዘረመል የመረመረ ጥናት፣ በአብዛኞቹ ላክቶባሲለስ የበላይ ቢሆንም በሩብ ገደማዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች እንደሚበዙ፣ እነርሱም ያለ ሕመም እንደሚኖሩ በማሳየቱ የጤና መልክ አንድ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ሴቶች ውስጣቸውን እንዳይታጠቡ ይመክራል። ስለዚህ ሽታዋ ወይም ፈሳሿ የተለወጠባት፣ የሚያሳክካት ወይም የሚያማት አንባቢ፣ ከመደርደሪያ የሚገዛ ማጠቢያ ከመፈለግ ይልቅ ሳታፍር ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ሕመሙ በምርመራ የሚለይ፣ በመድኃኒትም የሚታከም ነው።