የታማሚ ቃልና የዘር ሐረግ፦ በቤተሰብ የሚወረስ የአንጀት ካንሰር የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ

ካንሰር በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚመላለስ ሐኪሞች ካስተዋሉ ረዥም ጊዜ ሆኗል። ይሁን እንጂ ይህ ምልከታ በሳይንሱ ዓለም ተቀባይነት አግኝቶ የሰዎችን ሕይወት ለማዳን እስኪውል ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ለዚህ መዘግየት ዛሬ ሊንች ሲንድሮም እየተባለ የሚጠራው፣ በተለይም ትልቁን አንጀትና ማሕፀንን የሚያጠቃው የዘር ውርስ ሕመም ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ በ67 ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለምርምሩ መነሻ የሆነው አንድ ሰው ለሐኪም ጥያቄ የሰጠው መልስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መልስ የተሰጠው በ1895 በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት አን አርበር ከተማ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ሐኪም የነበሩት ዶ/ር አልድረድ ስኮት ዋርቲን ልብስ የምትሰፋላቸው ሴት አዝና አይተው ምክንያቱን ጠየቋት። ሴትየዋ በወቅቱ ጤነኛ ነበረች፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ዘመዶቿ በሆድ፣ በአንጀት ወይም በማሕፀን ካንሰር ስለሞቱ እርሷም በወጣትነቷ በዚሁ እንደምትሞት ነገረቻቸው። እንዳለችውም በወጣትነቷ በማሕፀን ካንሰር ሞተች። ዶ/ር ዋርቲን የዚህችን ሴት ቃል እንደ ተራ ሥጋት አላለፉትም። መሠረታቸው ከጀርመን የፈለሰ ቤተሰብ የሆነውን የዘመዶቿን የዘር ሐረግ መዝግበው፣ «ጂ» የሚል መለያ ሰጥተው፣ በ1913 ከሌሎች ተመሳሳይ ቤተሰቦች ጋር አሳተሙት። እርሳቸው በ1925፣ ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ1936 ስለዚሁ ቤተሰብ ተጨማሪ ዘገባ አውጥተዋል።

ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ ቀረ። ለዚህም ሁለት ዋና ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ሳይንሳዊ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የበዛ ካንሰር በአጋጣሚ ወይም አንድ ዓይነት ኑሮ በመኖር ሊመጣ ይችላል የሚለውን መከራከሪያ ለማፍረስ የሚያስችል የላቦራቶሪ መሣሪያ በወቅቱ አልነበረም። የካንሰር ተመራማሪዎችም ትኩረታቸውን በኬሚካሎች፣ በትምባሆና በቫይረሶች ላይ አድርገው ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ሥነ ምግባርን የሚመለከት ነው። በዚያ ዘመን ስለ ዘር ውርስ የሚደረገው ጥናት «የሰውን ዘር ማሻሻል» ከሚለው የዩጀኒክስ አስተሳሰብ ጋር ተቆራኝቶ ነበር፤ ዶ/ር ዋርቲን ራሳቸውም የዚህ አስተሳሰብ ደጋፊ ነበሩ። አስተሳሰቡ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው የሚያመክን ሕግ አስወጥቷል፤ በናዚ ጀርመን ደግሞ ለዘግናኝ ወንጀል መንገድ ጠርጓል። በዚህም የተነሣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕመምን ከዘር ጋር አያይዞ መናገር በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ሆነ።

ሁለተኛው መልስ የተሰጠው በ1962 በነብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነው። ሕክምና ከመማራቸው በፊት የሰው ልጅ ዘረመል ያጠኑትና በወቅቱ በውስጥ ደዌ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ የነበሩት ዶ/ር ሄንሪ ሊንች፣ ከባድ የአልኮል ሱስ ያለበትና መጠጥ ሲቋረጥ ከሚመጣው መንቀጥቀጥና መቃዠት በማገገም ላይ የነበረ አንድ ታማሚ ገጠማቸው። ለምን ይህን ያህል እንደሚጠጣ ሲጠይቁት፣ በቤተሰቡ ያሉ ሰዎች ሁሉ በካንሰር እንደሚሞቱና እርሱም በዚሁ እንደሚሞት ስለሚያውቅ መሆኑን መለሰላቸው። የዚህ ሰው ሱስ በመዝገብ ላይ ከሚሰፍረው የምርመራ ውጤት በስተጀርባ ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ሊያመልጠው እንደማይችል ያመነበት ሞት። ለዚህ ፍርሃት በወቅቱ የሕክምናው ዓለም ስምም መፍትሔም አልነበረውም።

ዶ/ር ሊንች ከማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ ከአን ክራሽ ጋር በመሆን የታማሚውን ዘመዶች እያፈላለጉ የሕክምና መዝገቦችንና የፓቶሎጂ ውጤቶችን ሰበሰቡ። በ1964 ይህን ቤተሰብ ለአሜሪካ የሰው ልጅ ዘረመል ማኅበር ጉባኤ ሲያቀርቡ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ዶ/ር ማርጆሪ ሾው ተመሳሳይ ቤተሰብ እንደሚያውቁ ገለጹላቸው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በ1966 በአንድነት ታተሙ። ከዚያም የዶ/ር ዋርቲን የ«ጂ» ቤተሰብ መዝገብ ከሚሺጋን ተላልፎላቸው በ1971 የቤተሰቡን የ75 ዓመት ታሪክ አሳተሙ። ለምርምራቸው ያቀረቧቸው የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄዎች ግን በተደጋጋሚ ውድቅ ተደርገዋል። ሕመሙ በእርሳቸው ስም መጠራት የጀመረው በ1984 ነው።

ላቦራቶሪው ለዘር ሐረጉ መዝገብ ማረጋገጫ የሰጠው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 ኤምኤስኤች2፣ በ1994 ደግሞ ኤምኤልኤች1 የተባሉት ጂኖች ተለዩ። እነዚህ ጂኖች ሕዋስ ሲባዛ በዲኤንኤ ቅጂ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶችን የሚያርሙ ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ናቸው። ጉድለቱን ከወረሰ ሰው የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ የወረሰ ሁሉ ግን በካንሰር ይያዛል ማለት አይደለም። በ2000 በ«ጂ» ቤተሰብ ውስጥ ያለው ጉድለት በኤምኤስኤች2 ላይ ተገኘ። የልብስ ሰፊዋ ቃል ከ105 ዓመት በኋላ በሞለኪውል ደረጃ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደስተው ግን ይህ እውቀት ሞትን ሊያስቀር መቻሉ ነው። በ2000 የታተመ የ15 ዓመት የፊንላንድ ጥናት የዚህ ዓይነት ቤተሰብ አባላት የሆኑ 252 ሰዎችን ተከታትሏል። በየሦስት ዓመቱ የትልቁ አንጀት ምርመራ ካደረጉት 133 ሰዎች መካከል 8ቱ፣ ካላደረጉት 119 መካከል ደግሞ 19ኙ በትልቁ አንጀት ካንሰር ተይዘዋል። በዚህ ካንሰር ከመጀመሪያው ቡድን አንድም ሰው አልሞተም፤ ከሁለተኛው 9 ሰዎች ሞተዋል። ቡድኖቹ በዕጣ የተመደቡ ባይሆኑም ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። በ2020 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ በዕጣ በተመደቡ 861 የሊንች ሲንድሮም ባለቤቶች ላይ የተካሄደ ነው። በየቀኑ 600 ሚሊ ግራም አስፕሪን እንዲወስዱ ከተመደቡት 427 ሰዎች 40ዎቹ፣ አምሳያ ክኒን ከተሰጣቸው 434 ደግሞ 58ቱ በኋላ በዚሁ ካንሰር ተይዘዋል።

የ«ጂ» ቤተሰብ ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በ2005 በታተመው ዘገባ የቤተሰቡ የታወቁ ዘሮች 929 ደርሰው ነበር። በቀደሙት ትውልዶች ጎልቶ ይታይ የነበረው የጨጓራ ካንሰር በኋለኞቹ ቀንሶ የትልቁ አንጀት ካንሰር ጎልቷል፤ ይህም በአጠቃላዩ የአሜሪካ ሕዝብ ከታየው ለውጥ ጋር የሚሄድ ነው። የተወረሰ ጉድለት እንኳ የሚያመጣው ሕመም እንደ ኑሮውና እንደ አካባቢው እንደሚለያይ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የዚህ ታሪክ ፋይዳ ግልጽ ነው። የዘረመል ምርመራ በቀላሉ በማይገኝበት ሥፍራም ወረቀትና ብዕር አለ። በ1990 በአምስተርዳም የተቀመጠው መስፈርት ራሱ በቤተሰብ ታሪክ ላይ የቆመ ነበር፦ የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዛቸው ቢያንስ 3 ዘመዳሞች፣ አንዱ ለሌሎቹ ሁለት ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የሆነ፤ ቢያንስ 2 ተከታታይ ትውልዶች፤ ቢያንስ 1 ሰው ከ50 ዓመት ዕድሜ በፊት የታመመ። መስፈርቱ የሚያመልጡት ቤተሰቦች መኖራቸው በኋላ ቢታወቅም፣ ለመጠርጠር ግን ዛሬም ይረዳል። በአገራችን ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ስላለ የዘመዶችን ስም ማግኘት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የሞታቸውን ምክንያት ማወቅ ነው። «ሆዱን አሞት ሞተ» የሚለው መልስ እንዳለ ተመዝግቦ ከመቅረቱ በፊት፣ በስንት ዓመቱ፣ በእናት ወይስ በአባት ወገን፣ ደም ነበረው ወይ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር ወይ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የተገኘው መልስም በምሥጢር ሊጠበቅ ይገባል፤ የቤተሰብ ሕመም ወሬ ሆኖ ሲወጣ ጋብቻና ክብር ይነካልና።

በሱስ የተያዘ ታማሚም ምን ያህል እንደሚጠጣ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚጠጣ ሊጠየቅ ይገባዋል። በኦማሃ የነበረው ሰው ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ለእርሱ የሚጠቅም ሕክምና ሊያስገኝለት አልቻለም፤ ከእርሱ በኋላ ለመጡት እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ግን ካንሰሩ ሳይጀምር ወይም ሳይሠራጭ የሚደረስበትን መንገድ ከፍቷል።