ኤሌክትሮድ በሕክምና መሣሪያዎች፦ በአዋሽ እና በሰመራ ለሚገኙ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ኤሌክትሮድ የሰው አካል ወይም ኬሚካል ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የሚገናኝበት ክፍል ነው። በልብ ምርመራ መሣሪያ፣ በደም ስኳር መለኪያና በባትሪ ውስጥ ይገኛል። የራሱ ማጉያ የሌለውና የተቀበለውን ምልክት እንዳለ ወደ መሣሪያው የሚያስተላልፈው ዓይነት ፓሲቭ ኤሌክትሮድ ይባላል። ምልክቱ የሚጎላው በመሣሪያው ውስጥ በመሆኑ፣ ኤሌክትሮዱ ከቆዳ ጋር ያለው ንክኪ ከተጓደለ ስሕተቱም አብሮ ይጎላል።

ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን በሞቃቱ ወራት የቀን ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አዋሽ ሰባት ኪሎም ከሞቃት የቆላ ከተሞች አንዷ ናት። ሙቀት፣ ላብና አቧራ የኤሌክትሮድን አሠራር ስለሚነኩ፣ የሁለቱ ከተሞችና የአካባቢያቸው ነዋሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

የልብ ምርመራ (ኢሲጂ)

ልብ በምትመታበት ጊዜ ቆዳ ላይ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። የተለመደው ምርመራ 10 ኤሌክትሮዶችን ይጠቀማል፤ 4ቱ በእጅና በእግር፣ 6ቱ በደረት ላይ ይደረጋሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም አይንትሆቨን ታካሚዎች እጃቸውንና እግራቸውን ጨው በተሟሟበት ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ ያደርግ ነበር። ዛሬ ያንን ተግባር የሚፈጽመው በብርና በብር ክሎራይድ የተሠራው ተለጣፊ ኤሌክትሮድና በላዩ ያለው ጨዋማ ጄል ነው። ማሸጊያው ተከፍቶ ከቆየ ጄሉ በሙቀት ይደርቃል፤ ላብና ቅባት ደግሞ ተለጣፊውን ያላቅቃሉ።

ለምርመራ የሚቀርብ ተገልጋይ፦
- ደረቱን፣ እጁንና እግሩን ከላብ፣ ከቅቤና ከሌላ ቅባት ማጽዳት፤
- በምርመራው ጊዜ ሳይንቀሳቀስና ሳይነጋገር መተኛት፤
- በአካሉ ውስጥ ፔስሜከር ካለ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ደረትን መግለጥ የሚጠይቅ በመሆኑ መጋረጃ ወይም ተመሳሳይ ጾታ ያለው ባለሙያ እንዲኖር መጠየቅ ይቻላል። ምርመራው ሕመም የለውም። ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያጋጠመው ሰው ግን ለዝግጅት ሳይዘገይ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የደም ስኳር መለኪያ

በመለኪያው ስትሪፕ ላይ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶችና ኢንዛይም አሉ። ኢንዛይሙ በደም ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ጅረት መሣሪያው ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። የብዙዎቹ ስትሪፖች መለያ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጡ ያዛል። በመሆኑም ስትሪፕን በራሱ ዕቃ ውስጥ በደንብ ከድኖ፣ በቤቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች ስትሪፕን በቆመ መኪና ውስጥ መተው የለባቸውም።

ከመለካት በፊት እጅን ታጥቦ ማድረቅ ይገባል። በጣት ላይ የቀረ የቴምር ወይም የሻይ ስኳር ውጤቱን ከእውነተኛው በላይ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱ ከሕመምተኛው ስሜት ጋር ካልተጣጣመ በአዲስ ስትሪፕ መድገም፣ ካልሆነም በጤና ተቋም መለካት ይገባል፤ በአንድ አጠራጣሪ ቁጥር የኢንሱሊን መጠን መለወጥ አደገኛ ነው።

በሞቃት አካባቢ የደም ስኳር ማነስ የሚያስከትለው ላብ የአየሩ ሙቀት ያመጣው ሊመስል ይችላል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከላቡ ጋር መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከታየበት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ሊሰጠው ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ባትሪና የክትባት ማቀዝቀዣ

የሶላር ባትሪም በኤሌክትሮዶች ይሠራል። በእርሳስ አሲድ ባትሪ ውስጥ የእርሳስና የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ሰሌዳዎች ይገኛሉ፤ ከፍተኛ ሙቀት ዝገታቸውን አፋጥኖ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለባቸው የባትሪ መዳከም ክትባትን ለብልሽት ያጋልጣል። ያለ ባትሪ፣ ከሶላር በቀጥታ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ቅዝቃዜን በበረዶ መልክ ስለሚያከማቹ ይህን ችግር ይቀንሳሉ። ያረጀ ባትሪን በመኖሪያ አካባቢ መስበር ወይም ማቃጠል እርሳሱ በተለይ ሕፃናትን ስለሚመርዝ መወገድ ያለበት ተግባር ነው።

ጥቆማና ቅሬታ

የሕክምና መሣሪያዎች ደኅንነትና ጥራት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር ይደረግበታል። የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ወይም መለያ የሌለው ስትሪፕ ወይም ኤሌክትሮድ ያጋጠመው ተገልጋይ ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዞ በቅድሚያ ለጤና ተቋሙ፣ ቀጥሎም ለኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላል።